ድቡ ይታጠብ ወይስ ይጣል?

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ትንንሽ ልጆች ሆኗል። አይገርመኝም። ልጅ ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል ድስቱ ከበሮ፣ ሶፋው ፈረስ፣ የእናትየው ስልክ ደግሞ የጋራ ንብረት ይሆናል። ወደዚህ ዓምድ ከመምጣቴ በፊት እዚሁ አዳማ ኬጂ ሳስተምር ወላጅ በር ላይ አስቁሞ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር። ምን ልግዛለት? ምን ልጫንላት? ይህን አሮጌ አሻንጉሊት ምን ላድርገው?

ለዛሬ አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። ከአንዱ ላይ ደግሞ ስድብ አውጥቻለሁ፤ ለአማት የተሰነዘረ ነበር።

"ኤቢሲዲ ትዘፍናለች፣ ውኃ ግን አትጠይቅም"

*ሰላም እህቴ። ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ስልክ ካላየች አትበላም። አክስቷ ከውጭ ታብሌት ላከችላትና ፊደልና ቁጥር ያስተምራሉ የተባሉ ጌሞች ጫንንበት። ኤቢሲዲን ከነዜማው ትዘፍነዋለች፣ ቀለማትን በእንግሊዝኛ ትጠራለች። ውኃ ስትፈልግ ግን እጄን ይዛ ወደ ፍሪጁ ትጎትተኛለች እንጂ "ውኃ" አትልም። ባለቤቴ "ጎበዝ ናት፣ ተያት" ይላል። እኔ ልቤ አልተረጋጋም። ጌሙ ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል? — እናት፣ ከፍራንኮ*

ልብሽን እመኚው።

መጀመሪያ ከጌሙ ውጪ ያለውን እንጨርስ። በሁለት ዓመት አብዛኛው ልጅ ሁለት ቃል ማገጣጠም ይጀምራል፤ "እማ ነይ"፣ "ውኃ ስጪኝ" ዓይነት። ያንቺ ልጅ ውኃ እንኳ በቃል የማትጠይቅ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ይያት፣ ጆሮዋም እንዲመረመር ጠይቂ። ምናልባት ምንም አይገኝባት ይሆናል። ግን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ "የእኔም ልጅ በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው" እያለ ሲያዘናጋሽ ዓመት እንዳያልፍብሽ።

አሁን ወደ ጌሙ። ኤቢሲዲ መዝፈንና ማውራት ለየቅል ናቸው። ታብሌቱ "አፕል" ይላል፣ ልጅሽ ትነካዋለች፣ ርችት ይተኮሳል፣ ጭብጨባ ይሰማል፣ አለቀ። ማንም ፖም አልሰጣትም። "ው…" ብላ ስትጀምር "ውኃ? ውኃ ልስጥሽ?" የሚላት፣ ብርጭቆውን የሚያቀብላት፣ ስትጠጣ "እሰይ" የሚላት ሰው ሲኖር ነው ቃል ሥራ እንዳለው የሚገባት። ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ከስክሪን የሚማሩት፣ ያንኑ ነገር ፊት ለፊታቸው ካለ ሰው ከሚማሩት ያነሰ እንደሆነ ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተውታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን ጭራሽ አይመክርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ሦስት ጊዜ በስልክ የምትመገብ ልጅ ያንን ሰዓት በምግብ ብቻ ትጨርሰዋለች።

ባለቤትሽ ስለ ወለንጪቲ ሰምቶ ይሆናል። ብዙ አባቶች ይጠቅሱልኛል፣ ከእኛ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ስለሆነ እንደ ሰፈር ወሬ ነው የሚወራው። ታሪኩ እውነት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ እናድርስ የሚል የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች በሶላር የሚሞሉ ታብሌቶች አስረከበ። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም፣ ለአዋቂዎቹ የታየው ቻርጅ አደራረጉ ብቻ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፣ በሁለት ሳምንት መንደሩ ውስጥ ኤቢሲዲ ይዘፈን ጀመር፣ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት። ደስ ይላል። እኔም ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን ልብ በሉ። እነዚያ ልጆች ከአራት እስከ አሥራ አንድ ዓመት የሆኑ ናቸው። ደግሞ ብቻቸውን አልነበሩም፤ የመንደር ልጅ አንድ ነገር ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ አንዱ ሲነካ አምስቱ ከጀርባው ቆመው "እዚህ ጋ! እዚህ ጋ!" ይሉታል። ወሬ አለ፣ ጭቅጭቅ አለ፣ "እኔ ላሳይህ" አለ። ያንቺ ልጅ የሁለት ዓመት ሕፃን ናት፣ ታብሌቱን የምታየው ሹሩባዋን እየተሠራች ወይ እየጎረሰች ብቻዋን ነው። መሣሪያው አንድ ቢሆንም ጨዋታው ሌላ ነው።

ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ከቁርስ ጀምሪ። ሦስቱንም ማዕድ በአንድ ቀን ለመቀየር አትሞክሪ፣ ትሸነፊያለሽ። ስልኩ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ይዋል፣ ያንቺም የባልሽም። አብረሻት ብዪ፣ ከአንድ ትሪ። በእጇ ትብላ፣ ታበላሽ፣ ፍርፍሩ ፀጉሯ ውስጥ ይግባ። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቂና ካልበላች አንሺው፣ እስከሚቀጥለው ማዕድ ብስኩት እየሰጠሽ አታባብያት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸት አለ። ሞግዚት ካለሽ አስቀድመሽ ተስማሚ፤ አንቺ ሥራ ስትሄዪ ስልኩ ተመልሶ ከወጣ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው።

ጌም ጭራሽ አትንካ አላልኩም። በቀን አንዴ፣ አጠር ያለ ጊዜ፣ ጭንሽ ላይ ተቀምጣ። ከመጫንሽ በፊት ግን ራስሽ አሥር ደቂቃ ተጫወቺው። ፕሌይስቶር ላይ ከመጫኛው አካባቢ ማስታወቂያ እንዳለውና በአፑ ውስጥ ግዢ እንዳለ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ እሱን አንብቢ። "3+" የሚለው ምልክት ብዙ ሰው ያታልላል። ለሦስት ዓመት ልጅ የሚያስፈራ ወይም ነውር ነገር የለውም ማለት እንጂ ያስተምራል ማለት አይደለም። ኢንተርኔት የማይፈልግ ጌም ከሆነ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ አዲስ ማስታወቂያ መምጣት ያቆማል፣ ዳታሽም ይተርፋል። አንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ አንድን አፕ ስክሪኑ ላይ ቆልፎ የሚያስቀር ምርጫም አለ፤ እሱን ካበራሽው ከፊደል ጌም ተነስታ የአጎቷ ቴሌግራም ውስጥ አትገባም።

የእኔ መለኪያ ሌላ ነው፣ ፕሌይስቶር ላይ አይጻፍም። እየተጫወተች ቀና ብላ ታይሻለች? አንድ ነገር ልትነግርሽ ትሞክራለች? ጌሙስ ዝም ብሎ ይጠብቃታል? እንደዚያ ከሆነ ችግር የለውም። አፏን ከፍታ፣ ስሟ ተጠርቶ የማትሰማ ከሆነ አጥፊው። አራት አምስት ዓመት ሲሆናት ደግሞ "ፊድ ዘ ሞንስተር" የሚባል ነፃ ጌም አለ፣ በአማርኛም ተሠርቷል። ትክክለኛውን ፊደል ለጭራቁ ታጎርሰዋለች። ከስልክ ይልቅ ሰው ማጉረስ ብታስለምጃት ይሻላል ብለሽ ከሳቅሽ ተግባብተናል።

"ወንድ ልጅ አሻንጉሊት አቅፎ"

*ጤና ይስጥልኝ። ወንድ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ሰልባጅ ተራ የገዛሁለት ቡናማ ድብ አለው። አንድ ዓይኑ ወልቋል፣ ሆዱ ተተርትሮ ጥጡ ይወጣል፣ ሽታው አይነገርም። ያለ እሱ አይተኛም፣ ባጃጅም ሲሳፈር ይዞት ነው። እናቴ "ወንድ ልጅ አሻንጉሊት አቅፎ ምን የሚሉት ነው፣ ጣለው" ትላለች። አንድ ቀን ደብቄበት ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። ማታ ማታ ደግሞ ያስለዋል። አሁን እህት ተወልዳለታለች፣ አራት ወሯ ነው፣ ድቡን አልጋዋ ውስጥ እያስገባ "ጓደኛሽ ነው" ይላታል። ይታጠብ ወይስ ይጣል? — የሁለት ልጆች አባት*

ይታጠብ። ወንድሜ፣ እንዳትጥለው። ሁለተኛ ደግሞ እንዳትደብቅበት።

ልጅ አንድ ነገር ይዞ መተኛቱ በሽታ አይደለም። ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በሰፊው ጽፎበታል፤ ልጁ ከእናቱ እቅፍ ወደ ራሱ ዓለም ሲሻገር የሚደገፍበት ነገር ነው ይላል። ድብ መሆን የለበትም። የእኔ ልጅ የነጠላዬን ጥለት በሁለት ጣቷ እያሸች ነበር የምትተኛው። ለቅሶ ቤት ልሄድ ነጠላ ስለብስ ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ለእኔ መስሎኝ ሆዴ ይባባል። ለካ ጥለቱን ነው። መጨረሻ ላይ በመቀስ ቆርጬ ሰጠኋት፣ ነጠላው ቀረ፣ እኔም በሰላም መውጣት ጀመርኩ።

ለእናትህ ደግሞ ይህን ንገራቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የጨርቅ ድብን የሚጠሩበት ቴዲ የሚለው ስም የመጣው ከአንድ አዳኝ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ አደን ወጥተው ሰዎቹ ድብ ይዘው ዛፍ ላይ አስረው "ይተኩሱ" ሲሏቸው የታሰረ አልተኩስም አሉ። ወሬው ጋዜጣ ላይ በካርቱን ወጣ፣ ብሩክሊን የሚኖር ሞሪስ ሚችተም የሚባል ባለሱቅ ከሚስቱ ጋር የጨርቅ ድብ ሠርቶ የፕሬዚዳንቱን የቁልምጫ ስም ሰጠው። በዚያው ሰሞን ጀርመን አገርም ሽታይፍ የሚባለው የአሻንጉሊት ፋብሪካ የራሱን ድብ አወጣ። ስለዚህ ድቡ ከጅምሩ ወንድ ነው፣ ያውም በጠመንጃ የተከበበ። እናትህ ካልተዋጠላቸው ተዋቸው፣ እስኪያድግ ድቡን እሳቸው ቤት አለመውሰድ ነው።

አስተጣጠቡን በደንብ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሳሉ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ፀጉራም አሻንጉሊት ውስጥ አቧራና በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይራባሉ፣ አፍንጫው የሚቆጣ ልጅ ደግሞ ፊቱን እዚያ ቀብሮ ነው የሚያድረው። ድቡን በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አሳድረው፣ ቅዝቃዜው ተባዮቹን ይገድላቸዋል። ሬሳቸውና ኩሳቸው ግን እዚያው ነው ያለው፣ የሚያስለው ደግሞ በአብዛኛው እሱ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ መታጠብ አለበት። መጀመሪያ ሆዱን ስፋው፣ አለበለዚያ ጥጡ በሙሉ ሳፋው ውስጥ ይቀራል። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና እሸው፣ ደጋግመህ አለቅልቀው፣ አትጠምዝዘው፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለህ ተጫነው። ከዚያ ፀሐይ። በዚህ በኩል አዳማ መኖር ጥቅም አለው። ዝናብ የሌለበትን ቀን ምረጥና ጠዋት አስጥተህ እያገላበጥከው አውለው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል፣ ያ ከአቧራው ይብሳል፤ ሆዱን ጨብጠህ ቅዝቃዜ ከተሰማህ ነገም ይሰጣ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳሉ ካልተወው ሐኪም ቤት ነው።

ልጁ ይይ። "ድቡ ገላውን ይታጠባል" በለውና ሳሙናውን እሱ ያሽ። ተኝቶ ሳለ ሰርቀህ አጥበህ ንጹሕ ድብ ብትመልስለት "ይህ የእኔ አይደለም" ሊልህ ይችላል፣ ሽታውም እኮ የድቡ አካል ነበር።

የወለቀውን ዓይን በአዲስ ቁልፍ እንዳትተካው። የቀረውንም አውጣና ሁለቱንም በወፍራም ጥቁር ክር ስፋቸው። ዓይንና አፍንጫ የሚሆኑ ፕላስቲኮች ሲወልቁ ልክ ለሕፃን ጉሮሮ የሚሆኑ ናቸው። ቤት ውስጥ የምትለካው እንዲህ ነው፤ የሶፍት ማለቂያ ላይ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ያዝ፣ በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። አሜሪካኖች አሻንጉሊት የሚፈትሹበት መለኪያ ስፋቱ 3.17 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የሶፍቱ ቱቦ ትንሽ ይሰፋል፣ ቢሰፋ ለጥንቃቄ ነው።

የእህቱ አልጋ ላይ ግን ድርድር የለም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን አልጋ ውስጥ ድብም፣ ትራስም፣ ሌላ ለስላሳ ነገርም መኖር የለበትም፤ ፊቷ ላይ ከወደቀ ገፍታ ማንሳት ስለማትችል ትታፈናለች። ልጁን አትቆጣው፣ ደግነት ነው የሠራው። ድቡ ቀን ቀን እህቱን ይጎብኛት፣ ማታ ከእሱ ጋር ይደር።

"እኔ ማንበብ አልችልም"

*ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል። ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። የልጄን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቱ ዓረብ አገር ናት። በሰው እጅ የተረት መጽሐፍ ላከችለት፣ ሥዕል ያለበት፣ እኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ይመጣና ጭኔ ላይ ይቀመጣል። እኔ አፍሬ "በኋላ" እለዋለሁ። አሁን አሁን ደግሞ እየቀደደው ነው። ለሚያነብለት ሰው ልስጠው?*

እማማ፣ ለማንም እንዳይሰጡት። ጭንዎ ላይ ተቀምጧል አይደል? ከባዱ ነገር ተሠርቷል።

መጽሐፉን ይክፈቱትና ሥዕሉን ይዩት። ላም አለች እንበል። "ይህቺ ላም የማን ናት?" ይበሉት። እሱ ምንም ይበል፣ "የእኔ" ይበል፣ "የአጎቴ" ይበል። "ማን ያልባታል? ጥጃዋ የት ሄደች? ለምንድነው እንዲህ የምታየን?" ይጠይቁት። ዝም ካለ እርስዎ ይመልሱ። ምናልባት በልጅነትዎ ያለቧት ላም ነበረች፤ ስሟን ይንገሩት፣ እንዴት እንደምትራገጥ፣ ጥጃው ሲጠጋት እንዴት ወተቱን እንደምትለቅ። ላሟ ሌላ ቀን ሌላ ታሪክ ቢኖራት ግድ የለም። ጽሑፉ የሚለውን እሱም አያውቀውም።

ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያና ጓደኞቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ሁለት ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆችን በሁለት ከፈሏቸው። የአንዱ ቡድን ወላጆች እንደለመዱት አነበቡ። የሌላው ቡድን ወላጆች ማንበቡን ቀነስ አድርገው ስለ ሥዕሉ እንዲጠይቁ፣ ልጁ ሲመልስ መልሱን እንዲያሰፉለት ተነገራቸው። በአንድ ወር ውስጥ ሲጠየቁ የዋሉት ልጆች በንግግር ቀድመው ተገኙ። ኬጂ ሳስተምር ዲግሪ ያላቸው ወላጆች መጽሐፉን ከላይ እስከ ታች እንደ ዜና ያነቡና ልጁ ጣቱን ሥዕሉ ላይ ሲያደርግ "ቆይ፣ ልጨርስ" ይሉት ነበር። እርስዎ ያ ችግር የለብዎትም።

ከዚያ ደግሞ መጽሐፉ ሲዘጋ የእርስዎ ተራ ነው። "ተረት ተረት" ሲሉት "የላም በረት" ማለት ያስተምሩት። እንቆቅልሽ ይጨምሩበት፣ ሲያቅተው "አገር ስጠኝ" ይበሉት፣ አዳማን ይስጥዎትና ይሳቁ። ልጆችዎ በቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬን እያዩ ሳይሆን አይቀርም ያደጉት። ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥናችን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ የቆዩ ሰው ናቸው። አገሩን ሁሉ ቁጭ ያደረገው ያው እርስዎ ቤት ያለው ነገር ነው፣ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ተረት።

መቅደዱን በተመለከተ፣ በዚህ ዕድሜ ገጽ መግለጥና መቅደድ ለጣቱ ያው ነው። ደግሞም "በኋላ" ሲሉት ነው የጀመረው፣ አይደል? አብረው መግለጥ ሲጀምሩ ይቀንሳል። የተቀደደውን በግልጽ ፕላስተር ከእሱ ጋር ይለጥፉት። እናቱ ድጋሚ ስትልክ ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነውን ፈልጊ ይበሏት። ያቺ የጎረቤት ልጅ ካገዘችዎት ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ይሥሩለት። ከብስኩት ካርቶን፣ ከፓስታ ማሸጊያ፣ ከአሮጌ ካላንደር ሥዕል ይቆረጣል፣ እኩል በተቆረጠ ካርቶን ላይ ይለጠፋል፣ በፕላስተር ይሸፈናል፣ ጥጉ ተበስቶ በክር ይታሰራል። ከሥዕሎቹ መካከል የእናቱ ፎቶ ይኑርበት። እሱን ገጽ አይቀደውም።

የጻፍሽልኝ ልጅ፣ እጅ ጽሑፍሽ ያምራል። ተባረኪ።

"ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል"

*ሰላም ነው። እኔ በቤት የማወራው አማርኛ ነው፣ ባለቤቴ አፋን ኦሮሞ። ልጃችን ሦስት ዓመት ተኩል ነው፣ "ቢሻን ስጪኝ" እያለ ይቀላቅላል። በሁለቱም መጽሐፍ ብንገዛለት አይምታታበትም? — ከመብራት ኃይል አካባቢ*

አይምታታበትም። "ቢሻን ስጪኝ" ያለ ልጅ ውኃ ፈልጎ ውኃ አግኝቷል፣ ሌላ ምን ፈለጋችሁ? ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ልጆች ሁሉ ይቀላቅላሉ፣ እያደጉ ለማን በምን እንደሚያወሩ ይለያሉ። አዳማ ውስጥ እኮ ትልቁም ሰው በአንዱ ጀምሮ በሌላው ነው የሚጨርሰው። አንቺ በአማርኛ፣ አባቱ በአፋን ኦሮሞ ተረት ንገሩት። ሂቦውንም ከአያቱ ይማር፣ እንቆቅልሹንም ካንቺ።

የሚያደናግረው ሌላ ነው። ቁቤ የሚባለው የአፋን ኦሮሞ ጽሕፈትና እንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፉ እንጂ ድምፃቸው ይለያያል። እንግሊዝኛው "ኤክስ" የሚለው ፊደል በቁቤ "ጠ" ነው፣ "ሲ" የሚለው ደግሞ "ጨ"። ስለዚህ ስልኩ ላይ የእንግሊዝኛ ኤቢሲዲ ጌም እያስጨፈራችሁ በጎን ቁቤ ልታስቆጥሩት ብትሞክሩ ግራ ቢገባው አትፍረዱበት። አሁን ፊደል ባይቆጥርም ምንም አይቀርበትም፣ ታሪኩ ይበቃዋል።

መጽሐፍ ውድ ከሆነባችሁ ደግሞ፣ "አፍሪካን ስቶሪቡክ" የሚባል መነሻው ደቡብ አፍሪካ የሆነ ነፃ የተረት ስብስብ አለ። በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ነው፣ የእኛም ቋንቋዎች አሉበት፣ አውርዶ ማተምም ይፈቀዳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በጥቁርና ነጭ አሳትሙትና ቀለሙን ልጁ ይቀባው። ሐዋሳ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የልጆች መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ሰፈር ይሄዱ ነበር፤ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ ነው የጀመረው። እኛ ጋሪው ሞልቶናል፣ መጽሐፉ ነው የጎደለን።

"ሌሊት ብቻውን ይዘፍናል"

*እህቴ፣ እንዳትስቂ። ከዱባይ የመጣ፣ ሆዱን ሲጫኑት የሚዘፍን የጥንቸል አሻንጉሊት አለን። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሌሊት ሌሊት ማንም ሳይነካው ይዘፍናል። ድምፁም ጎርናና ሆኗል። ሠራተኛችን ሻንጣዋን አሰናድታለች። ጠበል ልርጭበት?*

ሳቅሁ፣ ይቅርታ።

ድምፁ ከጎረነነ ባትሪው እየሞተ ነው። ባትሪ ሲደክም እንዲህ ያለ አሻንጉሊት ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ይንተባተባል፣ አንዳንዴም ራሱን ይቀሰቅሳል። ወይም ሆዱ ውስጥ ያለው ቁልፍ ተጣብቋል፣ ሌሎች አሻንጉሊቶች ተደራርበው ተጭነውትም ሊሆን ይችላል። ጠበል ብትረጪበት ውኃው ሽቦውን ያገናኘውና ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍንልሻል።

ካቻቪቴ አምጪና ጀርባውን ክፈቺው። እዚህ ላይ ሳቁን ትቼ ልናገር። ውስጡ ያለው ባትሪ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ፣ የሰዓት ባትሪ የምንለው ዓይነት ከሆነ ልጅ እጅ እንዳይገባ። ልጅ ከዋጠው ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል፣ ያለቀ የመሰለ ባትሪም ቢሆን። ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ እስኪያመው አትጠብቂ፣ ለማስመለስም አትሞክሪ፣ በቀጥታ ሆስፒታል። የአሻንጉሊቱ ክዳን በብሎን የማይታሰር ከሆነ ባትሪውን ለዘለዓለም አውጪውና ጥንቸሉ ዝም ያለ ጥንቸል ሆኖ ይኑር፣ ልጁ ራሱ ይዝፈንለት።

ሠራተኛሽ ባለችበት አውጪው፣ ትይ፣ ሻንጣዋንም ትፍታ። ባትሪው ወጥቶም ከዘፈነ ግን ጻፊልኝ፣ ጠበሉን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።